ከማኩላ ጀርባ ያለው የደም ፍሰት

ሰው ሲያረጅ ዓይኑ መድከሙ አይቀርም የሚል እምነት በብዙ ቤት አለ። በጉለሌም፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች የሰው ፊት መለየት ሲያቅታቸው ወይም ዳዊት ሲደግሙ ከመስመሩ መካከል ፊደል ሲጠፋባቸው «እርጅና ነው» ይባልና ይታለፋል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ግን ስሙ የታወቀና አካሄዱ የተጠና ሕመም አለባቸው፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ መጎዳት ይባላል። ማኩላ ብርሃን ተቀባይ በሆነው ሬቲና መካከል የምትገኝ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስፋት ያላት ስፍራ ናት። ለማንበብ፣ ፊት ለመለየትና ክር በመርፌ ለማስገባት የምናየው በእሷ ነው። ስትጎዳ የእይታው ዙሪያ ይቀራል፣ መካከሉ ይጠፋል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ወደ ሥራው የሚወስደውን መንገድ አይስትም፤ የጥለቱን ክር ቀለም ከቀለም መለየት ግን ያቅተዋል። ይህ ሕመም በአንዱ ሰው ላይ ሃያ ዓመት ባለበት ሲቆም በሌላው ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመሃል እይታን የሚወስደው ለምንድን ነው? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እየተጠናከሩ ከመጡት መልሶች አንዱ ከዓይን ጀርባ ያለውን የደም ፍሰት ይመለከታል። ይህ ዳሰሳ የዚያን መልስ ማስረጃዎች በቅደም ተከተል ይመዝናል። የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ የደም ፍሰቱ መቀነስ ሕመሙን ብቻውን አይጀምረውም፤ ሕመሙ ከተጀመረ በኋላ ግን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚገፋ ከሚወስኑት ኃይሎች አንዱ ነው። ይህ ከታመነ ደግሞ መከላከሉ ከዓይን ክሊኒክ በፊት፣ የደም ግፊት ከሚለካበት ጤና ጣቢያ መጀመር አለበት።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ አገራዊው መረጃ መልስ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ከመንስኤዎቹ ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ትራኮማ ያስከተለው የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ መጎዳት 4.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። 4.8 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች አብረው መታሰብ አለባቸው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ትራኮማም በዘመቻ እየተገፋ ነው፤ እነዚህ በቀነሱ ቁጥር ከኋላ የቀሩት የሬቲና ሕመሞች ድርሻ ይጨምራል። ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ ይህ ሕመም ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ረጅም ዕድሜ የሚኖር ሰው በበዛ ቁጥር ታማሚውም ይበዛል። በዓለም ደረጃ የተሠራ ትንበያ በ2020 እ.ኤ.አ. 196 ሚሊዮን የነበረው የታማሚ ቁጥር በ2040 ወደ 288 ሚሊዮን እንደሚያድግ ይገምታል። ሦስተኛው፣ ሕመሙ የነጮች ነው የሚለው የቆየ ግምት በከፊል ብቻ ትክክል መሆኑ ነው። በአሜሪካ የልብና የደም ሥር ጥናት ውስጥ ከነጮች 5.4 በመቶው፣ ከጥቁሮች 2.4 በመቶው የማኩላ መጎዳት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። በጎረቤታችን ኬንያ፣ በናኩሩ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት ግን የመጀመሪያውን ደረጃ በ11.2 በመቶ፣ የመጨረሻውን ደረጃ በ1.2 በመቶ ሰዎች ላይ አግኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ነው።

ሁለት ምንጮች፣ አንድ ባዶ ስፍራ

የደሙን ጉዳይ ለመረዳት የዓይንን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ሬቲና ደም የሚያገኘው ከሁለት ምንጭ ነው። የውስጠኛው ክፍሉ በሬቲናው ላይ ከተዘረጉት የደም ሥሮች ይመገባል፤ ሐኪም በመሣሪያ ሲመለከት የሚያያቸው እነዚህን ነው። የውጪው ክፍል፣ ማለትም ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ያሉበት፣ ከኋላው ካለው ኮሮይድ ከሚባል የደም ሥር ምንጣፍ ይመገባል። ወደ ዓይን ከሚገባው ደም እጅግ የሚበዛው፣ ከአምስት እጅ አራት ያህሉ፣ በኮሮይድ ውስጥ ያልፋል። በማኩላ እምብርት ላይ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ የሬቲና ደም ሥር ፈጽሞ የሌለበት ስፍራ አለ። የጠራ እይታችን የሚገኘው ከዚያ በመሆኑ ብርሃኑን የሚጋርድ ደም ሥር አልተዘረጋበትም። የዚህ ጥቅም ዋጋ ግን አለው፦ ያ እምብርት ኦክስጅንም ምግብም የሚያገኘው ከኮሮይድ ብቻ ነው። ኮሮይድ ቢደክም ከጎን የሚያግዘው የለም።

በብርሃን ተቀባዮቹና በኮሮይዱ መካከል ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ አንድ ረድፍ ባለቀለም ሴሎች፣ ሌላው የብሩክ ሽፋን የሚባል ስስ ግድግዳ ነው። ብርሃን ተቀባዮቹ ያረጀ ጫፋቸውን በየቀኑ ይጥላሉ፤ ባለቀለሞቹ ሴሎች እየዋጡ ይፈጩታል፤ ትርፍ ቆሻሻውም የብሩክን ሽፋን አልፎ ካፒላሪ ከሚባሉት የኮሮይድ ቀጫጭን ደም ሥሮች ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የኮሮይድ ሥራ ማምጣት ብቻ አይደለም፤ ወንዝ ውኃ ሲያመጣ እድፍም ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ ይህም ደም ይመግባል፣ ያጥባልም። ዕድሜ ሁለቱንም ሥራዎች ያዳክማል። ከአሥር ዓመት በታች ካለ ሕፃን ጀምሮ ከዘጠና በላይ እስከሆነ አዛውንት ድረስ የተለገሱ ዓይኖችን በአጉሊ መነጽር የለካ ጥናት በ1994 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የብሩክ ሽፋን ከ2 ማይክሮሜትር ወደ 4.7 ይወፍራል፣ የካፒላሪዎቹ ጥግግት በ45 በመቶ ይቀንሳል፣ የኮሮይዱም ውፍረት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ይህ በጤነኛ ዓይንም የሚሆን ነው። በሽፋኑ ላይ ድሩሰን የሚባሉ ቢጫ የስብና የፕሮቲን ክምችቶች ሲታዩ ነው ሕመሙ ተጀመረ የሚባለው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በደረቁ ዓይነት ባለቀለሞቹ ሴሎችና ብርሃን ተቀባዮቹ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ በእርጥቡ ዓይነት ደግሞ ከኮሮይድ አዳዲስ ደካማ ደም ሥሮች በቅለው ይፈስሳሉ፣ ይደማሉ።

ማስረጃው እንዴት ተጠራቀመ

የደም ፍሰትን ከዚህ ሕመም ጋር በግልጽ ያገናኘው አሜሪካዊው ኤፍሬም ፍሪድማን ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሞዴል እንደ ልብ ደም ሥሮች ሁሉ በዓይን ዙሪያም ስብ እንደሚከማች፣ የዓይኑ ነጭ ቅርፊት እንደሚደርቅ፣ በዚህም ምክንያት ደም በኮሮይድ ለማለፍ የሚገጥመው ግፊያ እንደሚጨምር ተናገረ። ሐሳቡ ሁሉንም ነገር በአንድ ምክንያት ለማስረዳት ስለሞከረ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ሊለካ የሚችል ጥያቄ ትቶልናል። ልኬቱን በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የያዙት ጁአን ግሩንዋልድና ባልደረቦቹ ናቸው። በደም ሴሎች እንቅስቃሴ ላይ የሚመለስን የሌዘር ብርሃን በመለካት፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የማኩላ መጎዳት ያለባቸው ሰዎች በእምብርቱ ሥር ያላቸው የኮሮይድ ፍሰት ከጤነኛ እኩዮቻቸው በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። በ2005 ደግሞ ሕመሙ በከፋ ቁጥር ፍሰቱ እንደሚቀንስ አሳዩ። እስከዚህ ድረስ የተገኘው ግንኙነት ብቻ ነው፤ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያሳይም።

ቁልፉ ጥያቄ የጊዜ ቅደም ተከተል ነበር፦ ፍሰቱ የሚቀንሰው ሕመሙ ከመግፋቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በ2008 እ.ኤ.አ. የግሩንዋልድ ቡድን ታማሚዎችን ተከታትሎ፣ በኋላ እርጥቡ ዓይነት የያዛቸው ዓይኖች ገና በመጀመሪያው ምርመራ ያነሰ ፍሰት እንደነበራቸው ዘገበ። በ2010 የቪየና ተመራማሪዎች አንድ ዓይናቸው በእርጥቡ ዓይነት የተጠቃባቸውን ሰዎች ሁለተኛ ዓይን ተከታተሉ፤ ሁለተኛውም የተጠቃው በአብዛኛው መነሻ ፍሰቱ ዝቅ ያለበት ነበር። የዚህ አሠራር ጥንካሬ በተመረጡት ሰዎች ላይ ነው፦ የሁሉም አንድ ዓይን አስቀድሞ ስለተጠቃ ሁሉም ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ናቸው፣ ልዩነት የሚፈልገውም በእነሱ መካከል ነው። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ያም ሆኖ በሁለት አገር ሁለት ቡድን ወደ አንድ አቅጣጫ መድረሱ ክብደት አለው።

ከሞቱ ሰዎች የተለገሱ ዓይኖች ሌላ ማስረጃ ጨመሩ። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ስኮት ማክሊዮድና ጄራርድ ሉቲ በ2009 እንዳሳዩት፣ በእርጥቡ ዓይነት ካፒላሪዎቹ የሚጠፉት ባለቀለሞቹ ሴሎች ገና ሳይሞቱ ነው። በአዮዋ የሮበርት ማሊንስ ቡድን በ2011 ደግሞ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ባሉ ዓይኖች ድሩሰን በበዛበት ቦታ ሁሉ ባዶ የካፒላሪ ቅርፊት፣ ደም የማይሄድበት ግድግዳ ብቻ፣ ተበራክቶ አገኘ። ከዚያም ኦፕቲካል ኮሂረንስ ቶሞግራፊ አንጂዮግራፊ የተባለው ምርመራ መጣ፤ ቀለም በደም ሥር ሳያስገባ በብርሃን ብቻ ካፒላሪዎችን በሕያው ዓይን ላይ ያሳያል። በዚህ መሣሪያ በደረቁ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያሉ ታማሚዎች ሲታዩ፣ የሞተውን ቦታ በከበበው ጤነኛ በሚመስል ቀለበት ውስጥ ፍሰት የጎደለባቸው ነጠብጣቦች በበዙ ቁጥር ሞቱ በሚቀጥለው ጊዜ በፍጥነት እንደሚሰፋ በተለያዩ ቡድኖች ተደጋግሞ ተገኝቷል። በእኔ ግምት ከሁሉም ማስረጃ ለተነሣንበት ጥያቄ ቅርብ የሆነው ይህ ነው፤ የሚናገረው ማን እንደሚታመም ሳይሆን የታመመው በምን ፍጥነት እንደሚብስበት ነው።

ተቃውሞዎቹና መልሳቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከፊዚዮሎጂ ይመጣል፦ ኮሮይድ ከሚያስፈልገው በላይ ደም የሚያገኝ አካል ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ደም ከኦክስጅኑ የሚሰጠው ጥቂት በመቶ ብቻ ሲሆን ቀሪውን ይዞ ይመለሳል፤ ይህን ያህል ትርፍ ያለው አካል በ37 በመቶ ቢቀንስ ምን ይጎዳል? መልሱ ትርፉ ያለው በደም ሥሩ ውስጥ እንጂ በብርሃን ተቀባዩ ዘንድ አለመሆኑ ነው። ኦክስጅን ከካፒላሪው ወጥቶ ግድግዳውንና ባለቀለሞቹን ሴሎች ተሻግሮ መድረስ አለበት፤ የሚገፋውም በደሙና በሴሉ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በድመትና በዝንጀሮ ዓይን ላይ በስስ ኤሌክትሮድ የተደረገ ልኬት እንደሚያሳየው ብርሃን ተቀባዮች በጨለማ የሚፈጁት ኦክስጅን ከብርሃን ጊዜ እጅግ ይበልጣል፤ በሬቲናው ውጫዊ ክፍል የኦክስጅን መጠን በጨለማ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስለዚህ በየሌሊቱ የሚኖረው መጠባበቂያ እጅግ ጠባብ ነው። ግድግዳው በእጥፍ ከወፈረና ካፒላሪው ከሳሳ ያ ጠባብ መጠባበቂያ ይሟጠጣል። ከሕመምተኞች የሚሰማውም ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገቡ ዓይን ለመላመድ መዘግየቱ ማኩላ ገና ጤነኛ በሚመስልበት ጊዜ የሚታይ ምልክት ሲሆን፣ በአላባማ በአረጋውያን ላይ የተሠራ ጥናት ይህ መዘግየት ያለባቸው ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ሕመሙ የመገኘቱ ዕድል ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፦ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦስ ቢሆን? ባለቀለሞቹ ሴሎች ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን እያመነጩ ካፒላሪዎቹን በሕይወት ያቆያሉ፤ ሴሎቹ ሲሞቱ ካፒላሪዎቹም ይጠፋሉ። ራሳቸው ማክሊዮድና ሉቲ በደረቁ የመጨረሻ ደረጃ ያዩት ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ሴሎቹ ቀድመው ይሞታሉ፣ ካፒላሪዎቹ ይከተላሉ። ይህን ማስረጃ መካድ አይቻልም፣ መካድም አያስፈልግም። የሚያሳየው የደም ፍሰት መጥፋት በደረቁ ዓይነት የመጀመሪያው ምክንያት እንዳልሆነ ነው፤ ተከትሎ የመጣ ጉዳት ግን ቀጥሎ ለሚመጣው ጉዳት ምክንያት ከመሆን አያግደውም። ካፒላሪ ያጣ ቦታ የቆሻሻ መውጫውን አጥቷል፤ ድሩሰን ይከማቻል፤ ድሩሰኑ ጎረቤት ሴሎችን ከደም ያርቃል፤ እነሱም ሲደክሙ ቪኢጂኤፍ ይቀንሳል፣ ካፒላሪው ይሳሳል። ይህ ክብ ነው፤ በክብ ውስጥ ደግሞ ማን ቀደመ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ማን ያፋጥናል የሚለው ለታማሚው ይጠቅማል። በሙት ቦታው ዙሪያ ያለው የፍሰት ጉድለት የሚቀጥለውን መስፋት የሚተነብየውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመሣሪያው ነው። ድሩሰን በብርሃኑ መንገድ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጥላ ያረፈበት ካፒላሪ ደም እያለፈበት ባዶ ሊመስል ይችላል። በተጨማሪ መሣሪያው የሚያየው ደም መኖር አለመኖሩን እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አይደለም፤ በጣም ዝግ ያለ ፍሰትና የቆመ ፍሰት አንድ ዓይነት ይሆኑበታል። ይህ ተቃውሞ በአንድ ዓይን ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ ከመስጠት ሊያስቆመን ይገባል። ጠቅላላውን ድምዳሜ ግን አያፈርሰውም፤ ምክንያቱም ረዘም ያለ የብርሃን ሞገድ የሚጠቀሙት አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ጥላውን እየቀነሱ መጥተዋል፣ የሌዘር ልኬቱ በሌላ መርህ ይሠራል፣ በአጉሊ መነጽር የታዩት ባዶ ቅርፊቶች ደግሞ ምንም ጥላ የለባቸውም። ስህተታቸው የተለያየ ሦስት ዘዴዎች ወደ አንድ ነጥብ ሲያመለክቱ ነጥቡን ማመን ተገቢ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ከዘረ መል ጥናት የተነሣ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በርካታ ቡድኖች በአንድ ጊዜ እንዳሳወቁት፣ ኮምፕሌመንት ፋክተር ኤች የሚባለውን ፕሮቲን በሚሠራው ጂን ላይ ያለ አንድ ልዩነት የሕመሙን ስጋት በእጅጉ ይጨምራል። ኮምፕሌመንት የሰውነት መከላከያ አካል ነው፤ ታዲያ ሕመሙ የመከላከያ ስህተት ከሆነ ደም ፍሰት ምን አገባው? ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ግን ተገኝቷል። በኮምፕሌመንት ሰንሰለት መጨረሻ ሴልን የሚበሳው ስብስብ ከዕድሜ ጋር በብዛት የሚከማቸው በኮሮይድ ካፒላሪዎች ዙሪያ ነው፤ ይህንንም ያሳየው ከላይ የጠቀስኩት የአዮዋው ቡድን ነው። ስለዚህ ዘረ መሉ ማን ይበልጥ እንደሚጋለጥ ይናገራል፣ ጥቃቱ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱም ካፒላሪው ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ተፎካካሪ መስለው ቢታዩም አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላል።

አምስተኛውን ተቃውሞ ከሁሉም አከብራለሁ፦ የደም ፍሰት ምክንያት ከሆነ ፍሰቱን ማሻሻል ለምን አላዳነም? ሪዮፈረሲስ የተባለ ሕክምና ከደም ውስጥ ትልልቅ ፕሮቲኖችንና ስብን በማጣራት ደሙን ለማቅጠን ታስቦ ነበር፤ ሚራ አንድ የተባለው ትልቅ ሙከራ ግን በ2006 እ.ኤ.አ. በተዘገበው ውጤቱ ዋና ግቡን አልመታም። ለጊዜው ፍሰት የሚጨምሩ መድኃኒቶችም የሕመሙን ጉዞ እንደሚገቱ አልተረጋገጠም። ይህ መዘንጋት የለበትም፤ በተለይ «የደም ዝውውር ያሻሽላል» ተብሎ የሚሸጥ ጠብታ ወይም እንክብል ማኩላን ያድናል ለሚል ሰው ማስረጃ እንደሌለው በግልጽ መነገር አለበት። ነገር ግን ከውድቀቱ የሚወጣው ትምህርት ሌላም አለው። እነዚህ ሙከራዎች የተደረጉት ካፒላሪዎቹ መጥፋት ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ቀጭን ደም የሌለ ደም ሥር ውስጥ አይገባም። ክቡን መስበር የሚቻል ከሆነ የሚሰበረው ካፒላሪዎቹ ገና ባሉበት ጊዜ፣ ማለትም በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ነው። ይህ አባባል በሙከራ ተረጋግጧል ማለቴ አይደለም፤ ካለው ማስረጃ ጋር ይበልጥ የሚስማማ ንባብ ነው እላለሁ።

አሁን ያለው ሕክምናም ይህንኑ ያስታውሳል። ለእርጥቡ ዓይነት ቪኢጂኤፍን የሚገቱ በዓይን ውስጥ የሚሰጡ መርፌዎች ታላቅ ለውጥ አምጥተዋል። ራኒቢዙማብ በ2006 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ፤ በ2011 በአሜሪካ የተሠራ ንጽጽር ከእሱ እጅግ ርካሹ ቤቫሲዙማብ እይታን በመጠበቅ እኩል እንደሆነ አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ቤቫሲዙማብን ለዚሁ አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካተተ። እንደ እኛ ላለ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መርፌው ግን የሚያቆመው ኦክስጅን ባጣ ሬቲና ጥሪ የበቀሉትን ደም ሥሮች እንጂ ጥሪውን ያስነሣውን እጦት አይደለም፤ ብዙ ታማሚ ደጋግሞ መወጋት ያለበትም በከፊል ለዚህ ነው። ለደረቁ የመጨረሻ ደረጃ በ2023 በአሜሪካ የተፈቀዱት ሁለቱ ኮምፕሌመንትን የሚገቱ መርፌዎች የሙት ቦታውን መስፋት ያዘገያሉ፤ የጠፋ እይታን አይመልሱም።

ከጉለሌ ሲታይ

ታዲያ ይህ ሁሉ በጉለሌ ላለ ሰው ምን ማለት ነው? መጀመሪያ ቦታውን እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የጉለሌ ሰሜናዊ ዳገት ከዚህም ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ፣ 3,000 ሜትርን ወደሚያልፈው ሸንተረር ይወጣል። በ2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባውም ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። በየሌሊቱ ኦክስጅኑ ወደ ዜሮ ለሚጠጋ ሬቲና ይህ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ወዲያውኑ መደንገጥ ግን አይገባም። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ላይ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት የ2002 እ.ኤ.አ. ጥናት የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል፤ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ደማቸው በቀይ ሴል ይወፍራል። ደሙ ያልወፈረ ሰው በጠባብ ካፒላሪ ውስጥ ደሙ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ የከፍታ ሰው ዓይን የተለየ ስጋት ላይ ነው ወይስ የተለየ ጥበቃ አለው የሚለው በጥናት የሚፈታ ጥያቄ ነው፤ ጥናቱንም ለመሥራት ከዚህ ክፍለ ከተማ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ሕዝቡ «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ሕዝብን የመቃኘት፣ ሌላው ታማሚን የማከምና ሐኪም የማሠልጠን ልምድ አለው።

ከከፍታው ይልቅ ዛሬውኑ እጃችን ላይ ያለው ግን የደም ግፊት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ በአዲስ አበባ ጎልማሶች ላይ የተሠራ ጥናት ከወንዶች 31.5 በመቶው፣ ከሴቶች 28.9 በመቶው ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አገኘ። ኢንስቲትዩቱ በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ቅኝትም 16 በመቶ ያህሉ ጎልማሳ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። ደም ግፊት በቀጥታ የማኩላን መጎዳት ያመጣል የሚለው ማስረጃ ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ የማይካደው ግን ሕመሙ ያለባቸውና ግፊትም ያለባቸው ሰዎች የኮሮይድ ፍሰታቸው ሕመሙ ብቻ ካለባቸው እንደሚያንስ የግሩንዋልድ ቡድን በ2006 ማሳየቱ ነው። ለማኩላ ብሎ ግፊትን ማከም ቢያከራክርም፣ ለልብ፣ ለኩላሊትና ለአንጎል ሲባል መታከም ያለበት ግፊት ለዓይንም ሊጠቅም መቻሉ ክርክር የለበትም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ግፊት በሌሊት ከመጠን በላይ እንዳይወርድ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ሐኪም መወሰን አለበት፤ ታማሚው በራሱ መድኃኒቱን መቀነስ ወይም ማቋረጥ የለበትም።

የትምባሆ ጉዳይ ከዚህም ግልጽ ነው። ሊለወጡ ከሚችሉ መንስኤዎች ሁሉ ማጨስ በተደጋጋሚ የተረጋገጠው ሲሆን ስጋቱን ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከሄሞግሎቢን ላይ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ሌሎቹ መርዞችም የደም ሥር ግድግዳን ይጎዳሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተሠራው ቅኝት ከኢትዮጵያ ጎልማሶች 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ትምባሆ ተጠቃሚ ነበሩ፤ በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ልንጠብቀው የሚገባ ሀብት ነው። በሌላ በኩል ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በእናቶች ጀርባ እየወረደ ለዘመናት ጓዳዎችን ያሞቀው እንጨት፣ ከሰሉም ጭምር፣ ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድና ደቃቅ ብናኝ ያወጣል። በብሪታንያ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ደቃቅ የአየር ብናኝ ከፍ ባለበት የሚኖሩ ሰዎች የማኩላ መጎዳት አለብን የማለታቸው ዕድል በመጠኑ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የጓዳ ጭስ በኢትዮጵያውያን ሴቶች ማኩላ ላይ ያለው ድርሻ ተለክቶ መታወቅ አለበት፤ ለሳንባ ሲባል ጭስ መውጫ ማበጀት ግን ያን መጠበቅ አያስፈልገውም።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አቋም ሦስት ተግባራትን ያስከትላል። አንደኛ፣ የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ የሚመጣ ማንኛውም ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ማኩላው ይታይ፤ ቀጥ ያለ የበር መቃን ተጠማዝዞ ከታየው ወይም ከመሃል ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይመርመር፤ እርጥቡ ዓይነት በሳምንታት ውስጥ ጠባሳ ሊያስከትል ይችላልና። ሁለተኛ፣ በጤና ጣቢያ ግፊት የሚለካ ባለሙያ ዓይንን፣ ዓይን የሚያይ ባለሙያም ግፊትን መጠየቅ ይልመድ፤ ሁለቱ የሚያዩት አንድን የደም ሥር ከሁለት ጫፍ ነው። ሦስተኛ፣ መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ታማሚ የተፈተነውን ይያዝ፦ አሬድስ በተባለው የ2001 እ.ኤ.አ. ጥናት የቫይታሚንና የዚንክ ቅንብር ወደ ከፍተኛ ደረጃ የመሸጋገርን ዕድል በ25 በመቶ ቀንሷል፤ የ2013ቱ ተከታይ ጥናት ለአጫሾች አደገኛ የሆነውን ቤታ ካሮቲን በሉቲንና በዚያዛንቲን እንዲተካ አድርጓል፤ ሉቲን ደግሞ በየዕለቱ በምንበላው ጎመን ውስጥ በብዛት አለ።

የደም ፍሰት ሐሳቡ ፈውስ አላመጣልንም፤ ያመጣልን ጊዜ ነው። ማኩላ የሚጎዳው በአብዛኛው በሰባዎቹ ቢሆንም የሚመግበው ካፒላሪ መሳሳት የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው፤ በዚያ መካከል ያሉት ዓመታት የእኛ ናቸው። መርፌው ውድ በሆነበት፣ የሬቲና ስፔሻሊስት በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር፣ ለአንድ ዓይን ልናደርግ የምንችለው ትልቁ ነገር ባለቤቱ ገና አርባና ሃምሳ ዓመት ሳለ ግፊቱን መለካት፣ ከትምባሆ መጠበቅና ጭሱን ከጓዳው ማስወጣት ነው። «እርጅና ነው» ብለን የምንተወው ሕመም ትልቁ ክፍል ልንደርስበት በምንችልበት ዕድሜ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ በሽተኛው ሳይሆን የጤና ሥርዓቱ ነው ቀድሞ መምጣት ያለበት።